ባህሩ ሞተሩን ለወጠ

ላልሰማ እናሰማ፤ የሰማም ቢደገምለት አይጎዳውም።

አዋሳ ውስጥ ባህሩን የማያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ሞተሩን ያውቃል። እውነቱን ከተነጋገርንማ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ሞተሩን ነው። ጀርመን ሠራሽ፣ ጥቁር፣ ሁለት ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የወጡ፣ ከፊቱ የንፋስ መከላከያ መስታወት፣ ከኋላው ሁለት ትልልቅ የጎን ሳጥኖች ያሉት ከባድ የረጅም መንገድ ሞተር ነው። ሟቹ አባቱ አቶ ይልማ በደህናው ጊዜ ከአዲስ አበባ ራሳቸው እየነዱ ያመጡት ነበር። ቢወድቅ ብቻውን የሚያነሳው ወንድ የለም፤ አስፋልት ላይ ግን ሻሸመኔ ደርሶ መመለስ ጎረቤት ጠይቆ እንደ መምጣት ነው። በከተማው ሁለተኛ ስለሌለው፣ ከመሃል ከተማ እስከ ሐይቁ ዳር ያ ወፍራም ድምፅ ሲሰማ ሰው ዞር ብሎ ሳያይ «ባህሩ መጣ» ይላል። ይህ ልማድ አንድ ቀን ሰው ያሳስታል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ባህሩ ከእናቱ ከወይዘሮ እህተማርያም ጋር የአባቱን ሱቅ ይዞ ሳሙናና ጨው፣ ባትሪና ክብሪት ይሸጣል። ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ጀግና ይመስላል፤ ከሞተሩ ሲወርድ ዓይን አፋር ነው። ታቢታን ያወቃትም ይኸው ሞተር አቃጥሎት ነው። የጭስ ማውጫው ባቱን ሲለበልበው ወደ ጤና ጣቢያ አነከሰ፤ ቁስሉን ያሸገችለት ጤና ረዳት ታቢታ ነበረች። ይቺ ልጅ ጠይቃ አትጠግብም። ቧንቧው ለምን መከለያ የለውም? ይሄን ሁሉ ክብደት በምን ታዞረዋለህ? ዝናብ ሲመታህ ዓይንህ ያያል? ባህሩ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አውርቶ አያውቅም። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ዳነ፤ እሱ ግን መመላለሱን አልተወም። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል፤ ፍቅራቸው በዚህ መልክ ነው የተጀመረው።

እንቅፋቱ ወዲያው መጣ። የታቢታ አባት አቶ ሙሴ የሚያገለግሉበት ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ አዋሳ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የአናጺነት ሥራ የያዙ፣ ጸሎታቸውን በቤታቸው የሚያደርሱ የሲዳማ ሰው ናቸው። ወይዘሮ እህተማርያም ደግሞ ለልጃቸው ያጩት ከሱቃቸው ሁለት በር አልፎ ያለውን የነጋዴ ቤት ነው፤ ልጅቱ ብርቅዬ ትባላለች። «ጴንጤና የአናጺ ልጅ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ ታቢታ ጆሮ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

በዚህ ላይ ታቢታ ወደ ሶራሞ ተመደበች። ሶራሞ ከአለታ ወንዶ ወዲያ ደጋው ላይ ናት። አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንች ይተካል፤ ኮረኮንቹም ያልቅና ቀይ ጭቃ ይጀምራል። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ደብዳቤያቸው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ተመላለሰ። ባህሩ የደብዳቤውን መጨረሻ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው የሚዘጋው፤ «መቼ ነው የምትወርጂው?» ለእሱ ይህ ናፍቆት ነበር። እሷም መጀመሪያ እንደዚያው ነው ያነበበችው። በኋላ ግን ደብዳቤውን ስትከፍት ያቺን ቃል ከሩቅ እያየቻት ትደክም ጀመር።

በ1975 ሰኔ ላይ ባህሩ የሁለት ወር የቤንዚን ኩፖን አጠራቅሞ በዚያ ከባድ ሞተር ሶራሞ ለመድረስ ተነሳ። አልደረሰም። ኮረኮንቹ ካለቀ በኋላ መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ሞተሩ እስከ ሲሊንደሮቹ ጭቃ ውስጥ ገባ። አሥራ ሁለት የገበሬ ማኅበር አባላት በገመድ ጎትተው አወጡለት።

«ጌታው፣ ይሄን ሁሉ ብረት ይዘህ ወዴት ነው?» አሉት ከመሃላቸው አንድ ሽማግሌ።

«ሶራሞ።»

«ሶራሞማ በእግር ነው። ጤና ረዳቷም በእግሯ ነው የምትወጣው። ሳጥኗን ተሸክማ ሦስት ሰዓት።»

ባህሩ ይህን አያውቅም ነበር። መንገዱን ሁሉ ሲመለስ ስለ ሞተሩ አላሰበም። በእግሯ? የምን ሳጥን? ለምንስ አልነገረችኝም? ያን ቀን አዋሳ የገባው አፍሮ ነው፤ ከሐፍረቱ ሥር ግን ከዚህ በፊት የማያውቀው ማወቅ የመፈለግ ረሃብ ነበረ።

* * *

ነሐሴ ሲገባ ባህሩ ሞተሩን ለወጠ።

የለወጠው ከኑሪ ጋር ነው። ኑሪ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በየገጠሩ ገበያ የሚዞርበት ጃፓን ሠራሽ ቀላል ሞተር ነበረው። በቅርቡ የሻሸመኔዋን ጫልቱን አግብቶ፣ አማቶቹ ቤት በግርማ ሞገስ ለመድረስ የሚሆን ነገር ሲመኝ ነው ባህሩ የመጣለት። ማንም ለማንም ጭማሪ ሳይከፍል ተለዋወጡ። ኑሪ ግን ዓይኑን ከባህሩ የቆዳ ኮት ላይ መንቀል አልቻለም።

«ሄልሜቱና ኮቱም ይጨመር» አለው። «ያለ ኮቱ ሞተሩን የሰረቅሁት ነው የሚመስለው።»

ባህሩ ኮቱን አውልቆ ሰጠው።

የመጣለትን ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ዞሮ ዞሮ አየው። ቀጭን ነው፣ ከፍ ያለ ነው። ጭስ ማውጫው ውሃ እንዳይገባው ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ጎማው ጥርስ አለው፤ መስታወት የለው፣ የጎን ሳጥን የለው። አንድ ሰው ብቻውን ከጭቃ ያነሳዋል። ረግጦ ሲያስነሳው የወጣው ድምፅ ቀጭን ስለነበር፣ ባህሩ የታመመ መስሎት ወዲያው አጠፋው። ኑሪ ሳቀ።

«ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሲሆን እንደዚህ ነው የሚጮኸው።»

ልምምዱ የተደረገው ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ነዳሁ ያለ ሰው በመጀመሪያው ጠዋት ሦስት ጊዜ ወደቀ። ከባዱን እንደለመደው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ቀላሉ ሞተር ደግሞ ጉብታ ላይ ዘሎ ይጥለዋል።

«ተነስተህ ቁም» ይለዋል ኑሪ። «እግርህ ላይ ቁም፣ ጉልበትህን ልቀቀው። ከባዱ ይሸከምሃል፤ ይሄኛው ላይ አንተም ሥራ አለህ። ጭቃ ስትገባ የፊት ፍሬን አትንካ። ሊንሸራተት ሲል አትጣላው፣ ትንሽ ተወው፣ ራሱ ይመለሳል።»

ባህሩ ይጠይቃል። ለምን ይመለሳል? ቁልቁለት ላይ ስንተኛ ማርሽ? ውሃ እስከ የት ቢደርስ ያልፋል? ኑሪ በመጨረሻ ሰለቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ጥያቄ የት ደብቀኸው ኖርክ?» አለው። በአምስተኛው ቀን ባህሩ ቆሞ እየነዳ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይወድቅ ሄደ፤ ብቻውን እንደ ሕፃን ሳቀ።

ወይዘሮ እህተማርያም ግን አልሳቁም። ቀላሉ ሞተር ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲያዩት ሚዛኑን አስቀምጠው ወጡ።

«አባትህ ያንን ሞተር ይዘው ሲገቡ የከተማው ሰው ወጥቶ ነው የተቀበላቸው» አሉት። «አንተ በፍየል ለወጥከው።»

«ፍየል ገደል ትወጣለች፣ እማዬ።»

«ማንን ፍለጋ እንደምትወጣ መች ጠፋኝ። ያቺ...»

«ታቢታ ነው ስሟ።»

«ስሟን አውቀዋለሁ። ብርቅዬን የመሰለች ልጅ ሁለት በር አልፋ ተቀምጣ፣ አንተ ጭቃ ልታቦካ ትሄዳለህ።»

ባህሩ ልጅ ሆኖ ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀ። «እማዬ፣ አባባ ግን ለምን ከባዱን መረጠ?»

ወይዘሮ እህተማርያም ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እናቴ ዝዋይ ነበረች» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አንተን አርግዤ አውቶቡሱ ሲያንገላታኝ አዩና ነው። መቀመጫው ሰፊ ነው፣ አይጥልሽም ብለው... በየወሩ ወስደው ያሳዩኝ ነበር።»

«እኔም ያንኑ ነው ያደረግሁት፣ እማዬ። መንገዱ ነው የተለየ።»

እናት ፊታቸውን አዙረው ወደ ሱቁ ገቡ። አልመረቁትም፤ አልከለከሉትምም። ባህሩ በሩ ላይ ቆሞ የቀረው እናቱን ዛሬ ገና እንዳያቸው ሆኖ ነው።

ለታቢታ ግን አልጻፈላትም። ድንገት ልድረስባት ብሎ ነው። ጥፋቱም ይቺው ናት።

* * *

ታቢታ የወሩን የክትባት መድኃኒት ልትረከብ አዋሳ የወረደችው ሐሙስ ዕለት ነው። ለባህሩ መልእክት አልሰደደችም፤ ከሱቁ በር ላይ ልትቆም አስባ ነበር። እናቱ ቢኖሩም ልትቆም ነበር። ይህን ሐሳብ ሦስት ሳምንት አሰላስላዋለች።

በስምንት ሰዓት ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ስትደርስ ያን ወፍራም ድምፅ ሰማችው። ልቧ ከእሷ ቀድሞ ዞረ። ጥቁሩ ሞተር ከዋናው መንገድ እየተንደረደረ መጣ። ሄልሜቱ ያው ነው። የቆዳ ኮቱም ያው ነው፤ ክርኑ ላይ የተጣፈበትን ሳይቀር አየችው። ከኋላው አዲስ ሻሽ ያሰረች፣ እጇ እስከ ክንዷ ሂና የተቀባች ሙሽራ፣ በሁለት እጇ የነጂውን ወገብ አቅፋ ተቀምጣለች። ሞተሩ አለፈ። መንገድ ዳር የቆመ አንድ ሰው ለጓደኛው «ባህሩ አገባ እንዴ?» ሲል ሰማችው።

ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል? ከእኛ መሃል የትኛው ሰው ነው በዚያ ሰዓት ቆሞ የሚመረምረው? ሂናውን እንኳ ልብ ብላ አላሰበችበትም። ብርቅዬ ናት አለች በልቧ፤ በቃ።

አዲስ ከተማ አባቷ ቤት እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። አቶ ሙሴ የበር መዝጊያ እየላጉ ነበር። ፊቷን አይተው መላጊያውን አስቀመጡ። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«አፊኒ?» አሏት።

በሲዳማ ወግ ሽማግሌዎች ለነገር ሲቀመጡ የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው። ሰምታችኋል፣ አውቃችኋል እንደ ማለት ነው፤ ነገሩ በሁሉም ጆሮ ሳይደርስ፣ ባለጉዳዩም ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። ታቢታ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታውቃት የኖረችው ቃል ናት።

«በዓይኔ አየሁ አባባ።»

«ሞተር ነው ያየሽው። እሱን ጠየቅሽው ወይ ነው የምልሽ።»

«እሱስ እኔን መች ጠይቆኝ ያውቃል?» አለችና እንባዋ መጣ።

አቶ ሙሴ ይህን ቃል ሰሙት። ታቢታ ወረቀት አውጥታ ጻፈች፣ አጠፈች፣ በሙጫ አሸገች። ለባህሩ እንዲሰጡላት አደራ ብላ በማግስቱ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሳጥኗን ይዛ ወጣች። አውቶቡሱ ከከተማው ሲርቅ ሐይቁን ዞር ብላ ማየት አልደፈረችም፤ ብታይ ወርዳ የምትቀር መሰላት።

* * *

ዕለቱን አርብ ጠዋት ባህሩ ቀላሉን ሞተር እየነዳ አቶ ሙሴ በር ላይ ደረሰ። የመጣው መንገድ ሊጠይቅ ነው።

«አባባ ሙሴ፣ ሶራሞ የሚያስገባው የትኛው ነው? ወንዝ አለ ይሉኛል። በየት በኩል ነው መሻገሪያው?»

አቶ ሙሴ ሞተሩን አዩት፣ ሰውየውን አዩት። «ያ ትልቁስ?»

«ለኑሪ ሰጠሁት። ይሄኛው ጭቃ ይችላል ብዬ ነው። እርስዎ መንገዱን ካሳዩኝ ዛሬውኑ እደርሳለሁ።»

ሽማግሌው ሊስቁ ቃጣቸው፤ ግን ዋጥ አደረጉት። የልጃቸው እንባ ገና ከዓይናቸው አልጠፋም። ነገሩን እሳቸው ቢያስረዱ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን የልጃቸው ጥያቄ ሞተሩ ብቻ እንዳልሆነ ትናንት ሰምተዋል። ከኪሳቸው የታሸገውን ደብዳቤ አወጡ።

«ይሄን ትታልህ ሄዳለች። አደራ ስለሆነ ሰጥቼሃለሁ። እኔን ከሰማኸኝ ግን እሷ ሳትነግርህ አትክፈተው። ወረቀት ሲጠይቁት አይመልስም። ሂድና ከአፏ ስማ።»

«ምን ብላ ነው?»

«እኔ አላነበብኩትም ልጄ።»

ከዚያም በእርሳሳቸው ጣውላ ላይ መንገዱን ሣሉለት፤ ኮረኮንቹ የሚያልቅበትን፣ ወንዙን፣ ዝግባዎቹን። ባህሩ ደብዳቤውን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። መንገዱን ሁሉ ወረቀቱ ደረቱን ሲነካው ሊያውቅ ጓጓ፣ ሊያውቅም ፈራ።

* * *

ታቢታ ከአለታ ወንዶ ወዲህ ካመጣት የጭነት መኪና ወርዳ የእግሩን መንገድ ከጀመረች አንድ ሰዓት አልፏል። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ጭቃው ጫማዋን እየያዘ ያስቀርባታል። የክትባቱ ሳጥን ትከሻዋን ቆርጦታል፤ አልፎ አልፎ የሚያውሷት የገበሬ ማኅበሩ በቅሎም ጀርባዋ ተልጦ ታስራ ቀርታለች። ሶራሞ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እየጠበቁ ነው። ሳጥኑ ውስጥ መድኃኒቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ወንዙ ዳር ስትደርስ ከኋላዋ ቀጭን ድምፅ ሰማች። የወባ ማጥፊያ ሰዎች ይሆናሉ ብላ መንገድ ለቀቀች። የመጣው ሰው ቆሞ ነው የሚነዳው፤ ከጫማው እስከ ቅንድቡ ጭቃ ነው። ሞተሩ ሊንሸራተት ይልና ይመለሳል። ዞር ብላ ልትሄድ ስትል «ታቢታ» አላት።

ድምፁን አወቀችው፣ ሞተሩን አላወቀችውም። ሁለቱ አልገጣጠም ብሏት ቆመች።

«ምን ልትሠራ መጣህ? ደብዳቤዬ አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል» አለና ከሸሚዙ ውስጥ አወጣው። ላብ አርጥቦታል፤ እሽጉ ግን አልተነካም። «አባትሽ ከአፏ ስማ አሉኝ። ምንም ይኑርበት፣ አንብቢልኝ።»

«ወስደህ አንብበው።»

«አይሆንም። እንዲህ ያለ ነገር ፊቴን እያየሽ ከሆነ ነው የማምነው።»

ታቢታ ቀድዳ ከፈተችው። እልህ ነው ያስከፈታት። ድምጿን አጥርታ ጀመረች።

«ለባህሩ። ዛሬ ሐሙስ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ሞተርህን አየሁት። ከኋላህ የተቀመጠችውን ማናት ብዬ አልጠይቅህም፤ እናትህ የመረጡልህ መሆኗ ገብቶኛል። ደስ ይበላችሁ። እኔን ያሳዘነኝ ግን እሷ አይደለችም። በዓመት ተኩል ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ጻፍክልኝ። በሠላሳ አንዱም መቼ ትወርጃለሽ አልከኝ። አንድ ቀን እንኳ...»

እዚህ ላይ አቆመች። ወንዙን አየች፤ ባህሩ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ቀጠለች።

«አንድ ቀን እንኳ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ፣ ማን አለሽ፣ ወንዙን በምን ትሻገሪያለሽ ብለህ አልጠየቅኸኝም። አንተ የምትወዳት ወርዳ የምትመጣልህን ታቢታን ነው። እዚህ ያለችዋን አታውቃትም። ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።»

አጠፈችው።

«ሁለት ነገር ነው ያነበብሽው» አለ። «የመጀመሪያው ስህተት ነው። ያየሽው ኑሪንና ሚስቱን ጫልቱን ነው። ሞተሩን ከነኮቱ ለወጥኩት፤ ያመጣሁት ይኸው ነው።»

ታቢታ ወደ ቀጭኑ ሞተር አየች። ሂናው ታወሳት፤ ኦርቶዶክሷ ብርቅዬ ያን የመሰለ የሙሽራ ሂና ከየት ታመጣለች? በዚያ ሁሉ እልህ መሃል ሳቋ አመለጣትና ወዲያው እንባ ሆነ።

«ሁለተኛው ግን እውነት ነው» አለ ባህሩ። «አንቺ ትጠይቂኛለሽ፣ እኔ አወራለሁ፤ መጠየቅ የኔም ድርሻ መሆኑን አላውቅም ነበር። አሁን ብጠይቅሽ ረፍዷል?»

እሷ ደብዳቤውን ኪሷ ከተተች።

«ሳጥኑ ውስጥ ምንድነው ያለው?»

ያፌዝባት እንደሆነ ፊቱን መረመረች። አላፌዘም። ጭቃ ከለበሰው ፊቱ ላይ ዓይኖቹ ብቻ ነበሩ የሚታዩት፤ ሁለቱም እሷ ላይ ነበሩ።

«የኩፍኝ ክትባት ነው» አለች በደረቁ። «በበረዶ።»

«በረዶው እስከ መቼ ይቆያል?»

«ፀሐይ ካልበረታ እስከ ማታ።»

«ቢቀልጥስ?»

ታቢታ ሳጥኑን ከትከሻዋ አውርዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

«ባለፈው ጥር ቀልጦብኛል» አለች። «ጭነት መኪናው ተበላሽቶ አለታ ወንዶ ሁለት ቀን ቆየሁ። ባዶ እጄን ወጣሁ። በየካቲት ኩፍኝ ገባ። አምስት ልጆች ሞቱብኝ ባህሩ። ለአለቆቼ በቁጥር ጻፍኩት፤ አምስት ብዬ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ስማቸው ማን ነበር?»

ይቺ ጥያቄ ናት የጣለቻት። ታቢታ ሳጥኑ ጎን ተቀምጣ አንድ በአንድ ነገረችው። የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው ኮረብታ ላይ እንደሚኖሩ፣ የትኛዋ ገና መሄድ መጀመሯ እንደነበር። ባህሩ ቆሞ ሰማት። አላጽናናትም፣ አላቋረጣትም፤ ስም ሲያልፈው ብቻ «ድገሚልኝ» ይላታል። በስድስት ወር ውስጥ ያላለቀሰችውን ሁሉ እዚያ ወንዝ ዳር አለቀሰችው። ሲያበቃ ደረቷ ውስጥ ቦታ የተለቀቀ ይመስል ትንፋሿ ረዘመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ደብዳቤህ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም።»

ባህሩ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሳጥኑን በገመድ ጀርባዋ ላይ አመቻችቶ አሰረላት። ሞተሩን ረግጦ አስነሳው።

«ውሃው ጉልበት ድረስ ነው?»

«ከዚያ ግራር ሥር ካለፍክ ከጉልበት በታች ነው። ድንጋዩ ያንሸራትታል።»

«እንግዲያው አንቺ ምሪኝ።»

ከኋላው ተቀመጠች። እጇን የት እንደምታሳርፍ አላወቀችም፤ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ እጇ የት እንደሚሄድ ራሱ አወቀ። «ግራ» ትለዋለች፣ ግራ ይላል። «ቆይ» ትለዋለች፣ ይቆያል። ዳገቱ ላይ ጎማው ሁለቴ ዞረባቸው፤ ሁለቴም ወርደው አብረው ገፉት። ከባዱ ቢሆን እዚያው በቀሩ ነበር።

«ኑሪ የገበያ ዙሩን ለኔ ትቶልኛል» አላት ሲያርፉ። «ሶራሞ ገበያው ማክሰኞ ነው አሉ። ጨውና ሳሙና ይዤ በየሳምንቱ እመጣለሁ።»

«እናትህስ?»

«ገና ናቸው። እንዲወዱሽ ማድረግ አልችልም፤ ዝም ብዬ ግን አልጠብቅም።» ወደ እሷ ዞሮ «ታገቢኛለሽ?» አላት።

ታቢታ ጭቃውን ከቀሚሷ እያራገፈች «በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ንዳ» አለችው። ባህሩ ነዳ፤ ጆሮው ግን መንገዱን ሁሉ ከኋላው ነበር።

ሶራሞ ሲደርሱ ከጤና ኬላው ዛኒጋባ ሥር ከሠላሳ የማያንሱ እናቶች ብድግ አሉ። ታቢታ ሳጥኑን ከፍታ እጇን ሰደደች፤ በረዶው ቀዝቃዛ ነበር። ዓይኗን ጨፍና አመሰገነች። ወዲያው መርፌውን፣ ጥጡን፣ መዝገቡን አወጣችና ባህሩን ሳጥኑን አስያዘችው። የመጀመሪያዋ ተራ የደረሳት የልጅ ልጇን ያዘለች አሮጊት ነበረች። አሮጊቷ ጭቃ የለበሰውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አይታ ለታቢታ በሲዳምኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ታቢታም በአጭሩ መለሰችላት። ባህሩ ሲዳምኛ የሚያውቀው ዋጋ ለመጥራት ያህል ብቻ ነው።

«ምን አለችሽ?» አላት።

«ይሄ ማነው አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

ታቢታ የሕፃኑን ክንድ በጥጥ እየጠረገች፣ ቀና ሳትል፣ «የማገባው ሰው ነው አልኳት» አለችው። «ሳጥኑን አታዘንብለው።»

ሴቶቹ ሰምተው ኖሮ ሳቁ። ባህሩ ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ እንደያዘ ፊቱን ወደ ኮረብታው አዞረ፤ ሁለቱም እጆቹ ስለተያዙ እንባውን የሚጠርግበት አልነበረውም።